ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ችፌ ይይዘዋል? ለአንባቢያን ጥያቄ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቀናቸው ሳይሞላ ስለተወለዱ ሕፃናት ቆዳ የሚጠይቁ ናቸው። አምስቱን መርጠን መልሰናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ስምም አላወጣንም።

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ፦ ልጄ የተወለደችው በ29ኛው ሳምንት ነው፤ ክብደቷ 1,200 ግራም ነበር። አሁን አምስት ወር ሞልቷታል፤ ቆዳዋ ላይ እስካሁን ምንም የለም። ባለቤቴ በልጅነቱ ችፌ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ አስም አለብኝ። ዘመድ ጎረቤቱ «ሳትጠና ስለወጣች ችፌ አይቀርላትም» ይለኛል። ከወዲሁ ቅባት ብቀባት ይከላከልላታል? እስከ መጨረሻው ሥራ እገባ ስለነበር ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ።

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ምጥ ያለ ጊዜው የሚመጣው በኢንፌክሽን፣ በደም ግፊት፣ በመንታ እርግዝና ወይም በማሕፀን በር መላላት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐኪሞች ፈልገውም ምክንያቱን አያገኙትም። ሥራ መግባትዎ ልጅዎን ችፌ ላይ የሚጥልበት መንገድ የለም።

ዘመድ ጎረቤቱ የሚለውን ጥናቶች አይደግፉትም። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያለ ጊዜው የተወለደ ይባላል፤ ከ32 ሳምንት በፊት ከሆነ «በጣም ቀድሞ» ከሚባለው ወገን ነው፤ ልጅዎ እዚህ ውስጥ ትገባለች። እንዲህ ያሉ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በጣም ቀድመው የተወለዱት በችፌ የሚያዙት በጊዜያቸው ከተወለዱት ባነሰ መጠን ነው። ከ32 እስከ 36 ሳምንት በተወለዱት ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ በአንዳንዱ ጥናት ጭራሽ አይታይም። ያለ ጊዜ መወለድ ችፌን ያበዛል የሚለው ወሬ መነሻው ሌላ ነው፤ ሰው የሕፃኑን ስስ ቆዳ አይቶ «ይህ ቆዳ እንዴት ይችላል» ብሎ ስለሚሰጋ ነው።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የላይኛው ቆዳ ገላን እንደ ድርብርብ ሽፋን የሚጠብቅ የሞቱ ሴሎች ንጣፍ አለው። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህ ንጣፍ ከ10 እስከ 20 ድርብ ይደርሳል። በ30ኛው ሳምንት ግን ከ2 እስከ 3 ድርብ ብቻ ነው፤ በ24ኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ የለም ማለት ይቀላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙቀት ክፍል የሚያስፈልጋቸው፤ ውሃም ሙቀትም በቆዳቸው በኩል ይወጣል፤ ጀርምና የተቀባ መድኃኒት ደግሞ በቀላሉ ይገባል። ነገር ግን ቆዳው አየር ካገኘ በኋላ ማሕፀን ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ከሚያድገው ፈጥኖ ይጠናል። ለአብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይበቃል፤ እጅግ ቀድመው ለተወለዱት ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ የአምስት ወር ልጅዎ ቆዳ ዛሬ «ያልጠና» አይደለም።

በጣም ቀድመው በተወለዱት ላይ ችፌ ለምን እንደሚያንስ ተመራማሪዎች የተለያየ ግምት አላቸው። አንዱ የሕፃኑ መከላከያ ሥርዓት ገና ሳይደራጅ ከውጪው ዓለም ጋር ስለሚተዋወቅ ነው የሚል ነው። ይህ በግምት ደረጃ ያለ ነው።

በእርስዎ ቤት የሚያሳስበው ያለ ጊዜ መወለዷ ሳይሆን የዘር ጉዳይ ነው። ከወላጅ አንዱ ችፌ፣ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ካለው ልጁ በችፌ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሁለቱም ካላቸው ደግሞ ይብሳል። በአውሮፓ ብዙ የሚጠቀሰው ፊላግሪን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ዘረመል ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ በኢትዮጵያውያን ችፌ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን እነዚያን በአውሮፓ የታወቁትን ጉድለቶች አላገኘም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ዓይነት ብቻ ነው። የእኛ ሰው ችፌ የሚመጣበት መንገድ ሌላም እንዳለው ይህ ያሳያል።

ከወዲሁ መቀባት ይከላከላል ወይ ላሉት፣ መከላከሉ አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ቤተሰባቸው ውስጥ አለርጂ ያለባቸውን 1,394 በጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ቅባት አስቀባ። በሁለት ዓመታቸው ችፌ የያዛቸው ከተቀቡት 23 በመቶ፣ ካልተቀቡት 25 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ልዩነት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። እንዲያውም የቆዳ ኢንፌክሽን በተቀቡት ላይ ትንሽ በዛ ብሎ ታይቷል። ቆዳዋ ሲደርቅ ይቀቧት፤ ካልደረቀ ገንዘብዎን አያባክኑ።

ያለ ጊዜ መወለድ በእርግጥ የሚያበዛውን ግን ልንነግርዎ ይገባል፤ እሱም ሳንባ ላይ ነው። እነዚህ ልጆች በልጅነታቸው ደረታቸው ሲር ሲር የማለትና አስም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ በጣም ቀድመው በተወለዱት ላይ ደግሞ ይበልጥ። እርስዎም አስም ስላለብዎት ለልጅዎ ልታደርጉላት የምትችሉት ትልቁ ነገር ጭስን ከክፍሏ ማራቅ ነው። ሲጋራ ቤት ውስጥ አይጨስ። ቡናው ሲፈላ ሕፃኗ ሌላ ክፍል ትሁን፤ ዕጣኑም ከሰሉም እሷ የምትተኛበት ክፍል አይግባ። ብርድ ነው ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል አስም ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ያሳጣል፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ የልጅ ልጄ በ34ኛው ሳምንት ተወልዶ ከሆስፒታል ከወጣ አሥር ቀኑ ነው። አሁን ቆዳው እየተላጠ ነው። እኔ ልጆቼን ሁሉ ለጋ ቅቤ እየቀባሁ፣ ፀሐይ እያሞቅሁ ነው ያሳደግሁት። ልጄ ግን «ሐኪም ከልክሏል» ብላ አላስነካ አለችኝ። ቅቤው ካልሆነ የወይራ ዘይት ይሻለዋል?

መልስ፦ እናታችን፣ መላጡ በሽታ አይደለም። ከውሃ ወደ አየር የወጣ ቆዳ የላይኛውን ንጣፍ ያራግፋል፤ በእጅና በእግር ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ያልፋል። የሚላጠውን አይላጡት፣ በፎጣም አይፈትጉት።

ልጅዎ ቅቤውን መከልከሏ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። ለጋ ቅቤ ካልፈላ ወተት በእጅ ተንጦ የሚወጣ ስለሆነ ጀርም ይዞ ይመጣል፤ ትልቅ ሰው የሚችለውን ጀርም የ34 ሳምንት ሕፃን ላይችለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ቅቤ ውስጥ የቀረ የወተት ፕሮቲን በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባ ሰውነት ወተትን እንደ ባዕድ እንዲቆጥር ሊያለማምደው ይችላል። ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል፤ በቆሰለ ቆዳ ሲገባ ግን ወደ አለርጂ ያዘነብላል። ቅቤውን ለሕፃኑ ማስዋጥማ ጭራሽ አይሞከርም።

የወይራ ዘይት ስሙ መልካም ቢሆንም ለሕፃን ቆዳ አይመከርም፤ በውስጡ የበዛው ኦሌይክ አሲድ የቆዳውን ድርብርብ የሚያያይዘውን ቅባት ያላላል። የሰናፍጭ ዘይትም እንዲሁ ይጎዳል። የሱፍ ዘይት ይሻላል። በባንግላዴሽ ሆስፒታል ውስጥ በነበሩ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ በሱፍ ዘይት የተቀቡት በሆስፒታል ኢንፌክሽን የተያዙት ካልተቀቡት ባነሰ ነበር። ሲገዙ ግን ጽሑፉን ያንብቡ፤ «የምግብ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም፤ ፓልም ወይም ቅልቅል የሆነው ብዙ ነው። ወጥ ከሚሠራበት ጠርሙስ አይውሰዱለት። አዲስ ተከፍቶ በንጹሕ ትንሽ ዕቃ የተቀዳ፣ ክዳን ያለው፣ ለእሱ ብቻ የተለየ ይሁን። ለመላ ገላው አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከበዛ ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ ቫዝሊን ርካሽም አስተማማኝም ነው። ጣትዎን ደጋግመው ወደ ዕቃው አይክተቱ፤ በንጹሕ ማንኪያ ጨልፈው መዳፍዎ ላይ ያድርጉ፣ በሁለት እጅዎ ያሙቁት፣ ከዚያ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ በቀስታ ያሳልፉ። ጠንከር ያለ መታሸት የለመዱ ብዙ እናቶች አሉ፤ ለዚህ ልጅ ግን አይሆንም፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይደማል። ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ከነካው በፍጥነት ስለሚቀጣጠል ከሻማና ከከሰል ይራቅ።

ገላውን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካጠቡት በቂ ነው። መስኮትና በር ይዘጉ፤ ፎጣና ልብስ አስቀድመው ያዘጋጁ። ውሃው 37 ዲግሪ፣ ማለትም በክርንዎ ሲነኩት ሙቅም ቀዝቃዛም የማይሰማ ይሁን። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥ። ሳሙና አያስፈልገውም፤ መቀመጫውን እንኳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። ደቶል ወይም ሌላ የጀርም መግደያ ውሃው ውስጥ ጠብ እንዳያደርጉ። ከሳፋው ሲወጣ ፎጣውን እየጫኑ ያድርቁት፤ ብብቱን፣ አንገቱንና ጭኑ መታጠፊያውን አይርሱ፤ ገላው ገና ትንሽ እርጥበት እያለው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቅባቱን ይቀቡት። ቆይቶ ሲቀባ ውሃው ተኖ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ፀሐይ ማሞቁን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ከቆላው ትበረታለች። ዘይት ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስተኛት ያቃጥለዋል። የአጥንቱን ጉዳይ ሐኪም የሚያዘው የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይወጣዋል፤ ያንን አያቋርጡ። እርስዎ ሊረዱት ከፈለጉ እናቱ ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ ታቅፈው፣ እርስዎ ደግሞ የቤቱን ሥራ ይያዙላት። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ጊዜው ወይም ዝቅተኛ ክብደት ይዞ ለተወለደ ሕፃን የሚመክረው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይኸው ገላ ለገላ እቅፍ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ነው። ከቤት ሥራ ጋር ይህን ያህል ሰዓት የምትችል እናት የለችም። እርስዎም ተራ መቀበል ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደረትዎ ላይ ቅቤ፣ ሽቶም ሆነ ፓውደር አይኑር።

ጥያቄ፣ ከካዛንቺስ፦ ወንድ ልጄ በ33ኛው ሳምንት ተወልዶ አሁን ስድስት ወሩ ነው። ጉንጩና የእግሩ ፊት ለፊት ሻክሮ ያሳክከዋል፤ ሌሊት አያስተኛውም። ከመድኃኒት ቤት «ለችፌም ለጭርትም ይሆናል» የተባለ ክሬም ገዛን። በሦስት ቀን ለቀቀው፤ ስናቆም ግን ተመለሰ፤ ስንቀባው ይሻለዋል፣ ስናቆም ይብሳል። አሁን ጉንጩ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቷል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ክሬሙን ዛሬ ማታ አይቀቡት። ቱቦውን ግን አይጣሉ፤ ሐኪሙ ማየት አለበት። ለሳምንታት ሳይቋረጥ ተቀብቶ ከሆነ በነገው ቀን ይሂዱ።

ሁሉን ያድናል እየተባለ የሚሸጠው ክሬም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት)፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ። ቶሎ የሚያስታግሰው ስቴሮይዱ ነው። ጭርት ወይም እከክ ከሆነ ግን ላዩን ያረጋጋና ውስጥ ውስጡን እንዲስፋፋ ያደርገዋል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ደግሞ መልኩ ስለተቀየረ ለመለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ችፌ መሆኑ ይረጋገጥ። በዚህ ዕድሜ ችፌ የሚወጣው ጉንጭ፣ ግንባር፣ የራስ ቅልና የእጅ እግር ውጪኛው ፊት ላይ ነው፤ የአፍንጫ ጫፍንና ዳይፐር የሚሸፍነውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይምራል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ መቅላቱ እንደ መጽሐፍ ሥዕል አይታይም፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ወደ መሆን ያዘነብላል፣ አመድማ ይሆናል፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ዝይ ቆዳ በትናንሽ ጉብታዎች ይሻክራል። ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ይዳስሱት። መዳፉ፣ የእግሩ መርገጫና ብብቱ ላይ ፍንጣሪ ካለ፣ ቤተሰቡም ሌሊት ሌሊት የሚያክከው ከሆነ እከክ ነው፤ ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡም አብሮ ይታከማል። ዙሪያው ከፍ ብሎ መካከሉ የሻረ ክብ ከሆነ ጭርት ይጠርጠር። ራሱ ላይ ቢጫ ቅባታማ ቅርፊት ብቻ ሆኖ የማያሳክከው ከሆነ ደግሞ ያ የሕፃናት ፎሮፎር ነው፤ በጊዜ ይለቃል።

ችፌ ከሆነ ስቴሮይድ አይፈራም፤ የሚፈራው ጥንካሬው ከቦታውና ከዕድሜው ጋር ሳይመዛዘን ሲቀር ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ደካማው ነው። ቤታሜታዞን 0.1 በመቶ ጠንካራ ነው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ደግሞ ከሁሉም የበረታ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መድኃኒቱ አነሰ ማለት አይደለም፤ የመድኃኒቱን ስም ነው ማየት ያለብዎት። ክሎቤታሶል ለፊት ማፍኪያ በሚሸጡ ክሬሞችም ውስጥ ይገኛል፤ እናትየው የምትጠቀመው ካለ እጇ ላይ ቀርቶ ሕፃኑን ሊነካው ይችላል።

ሕፃን ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ከአዋቂ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ክሬም ሲቀባ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂው ይበልጣል። ጠንካራው ፊት ላይ ሲሰነብት ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ የዓይን ሽፋን ላይ ከደረሰ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ገላውን በሰፊው ለብዙ ሳምንት ከተቀባ ሰውነቱ ራሱ ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ማምረቱን ያዳክማል።

ለስድስት ወር ሕፃን ሐኪሞች የሚጀምሩት በሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ቅባት ነው። መጠኑ በጣት ይለካል። የእርስዎን አመልካች ጣት ዘርግተው ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ መስመር ድረስ ከቱቦው አንድ ጊዜ ይጭመቁ፤ ይህ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት አዋቂ መዳፍ ስፋት፣ ጣቶቹ ጭምር፣ ይሸፍናል። ከ3 እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን ፊቱና አንገቱ በሙሉ አንድ ጣት ይበቃዋል፤ አንዱ ክንድ ከነእጁ አንድ፣ አንዱ እግር ከነመርገጫው አንድ ተኩል፣ ደረትና ሆዱ አንድ፣ ጀርባና መቀመጫው አንድ ተኩል። የልጅዎ ሁለት ጉንጮች ብቻ ከሆኑ ግማሽ ጣት ይበዛቸዋል እንጂ አያንሳቸውም። የሻከረው ቦታ ላይ ብቻ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ እስኪለሰልስ ድረስ ይቀባል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ሳይለሰልስ «ትንሽ ተሻለው» ብለው ካቆሙ በሁለት ቀን ይመለሳል፤ ቤትዎ የደረሰው አንዱ ችግር ይህ ሊሆን ይችላል። በሰባት ቀን ምንም ለውጥ ከሌለ መጠኑን አይጨምሩ፤ ወደ ሐኪም ይመለሱ።

የችፌ ሕክምና መሠረቱ ግን ተራው ማለስለሻ ነው፤ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ወፍራም ክሬም፣ መላ ገላው ላይ፣ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ፣ ሽፍታው ካለፈም በኋላ። ገላው በሰፊው የሻከረ ሕፃን በሳምንት እስከ 100 ግራም ይጨርሳል፤ አንዲት ትንሽ ዕቃ ሁለት ወር ከቆየች እየተቀባ አይደለም። ከስቴሮይዱ ጋር 20 ወይም 30 ደቂቃ ይራራቁ፤ አለበለዚያ ማለስለሻው መድኃኒቱን ወዳልታመመው ቆዳ ይዞት ይሄዳል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደርቆ ሌሊቱ ሲበርድ ይህን አያጓድሉ። ከሱፍ የተሠራ ሹራብ በቀጥታ ቆዳውን አይንካ፤ ውስጡ የጥጥ ልብስ ይልበስ፤ ጥፍሩ አጭር ይሁን።

እንቅልፍ ይስጠው ብለው የአለርጂ ሽሮፕ እንዳይሰጡት። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ክልክል ነው፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ነጣ ያለው ምልክት ለምጥ አይመስልም። የተቆጣ ቆዳ ሲረጋ ቀለሙ ይሸሻል፤ ጠንካራ ስቴሮይድም ያነጣል። ሁለቱም ችፌው ከተረጋጋ በወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳሉ፤ ቀለም ለመመለስ ተብሎ የሚቀባ ነገር አያስፈልግም። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ወይም ውሃ ካዠ ኢንፌክሽን ገብቶበታል፤ በዚያው ቀን ይታይ። በአንድ ልክ የተበሱ የሚመስሉ ትናንሽ ቁስሎች ተሰብስበው ከወጡና ትኩሳት ካለው፣ ያ በአፍ ዳር ምች ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፣ ከሜክሲኮ አካባቢ፦ ልጄ በ30ኛው ሳምንት ተወልዳ አሁን ሦስት ወር ተኩል ሆኗታል፤ ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። አፏ ዙሪያና መቀመጫዋ ላይ የተላጠ፣ ድንበሩ የተለየ ቁስል ወጥቶ በሃይድሮኮርቲዞን ሁለት ሳምንት አልሻር አላት። ጣቶቿ ጫፍ ላይም ጀምሯል፤ ፀጉሯ ሳስቷል፤ ተቅማጥም አላት። ችፌ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ ይህ ችፌ አይመስልም፤ ቶሎ ያሳዩዋት። አፍ፣ መቀመጫና እጅ አንድ ላይ ሲያዙ፣ ስቴሮይድ ሳይነካው ሲቀር፣ ፀጉር መሳሳትና ተቅማጥ ሲጨመርበት የዚንክ እጥረት መጠርጠር አለበት። ሕፃን ዚንኩን የሚያከማቸው በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ነው፤ ልጅዎ ያን ጊዜ አላገኘችም፤ ፈጥና ስለምታድግ ደግሞ ያላትን ቶሎ ትጨርሳለች። በአንዳንድ እናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዚንኩ ከሚጠበቀው ያነሰ ይሆናል፤ ይህ በእናትየው አመጋገብ የሚመጣ አይደለም።

ሐኪሙ የደም ምርመራ አዝዞ ዚንክ ይሰጣታል፤ እጥረቱ ከሆነ ቁስሉ በቀናት ውስጥ መድረቅ ይጀምራል። ለተቅማጥ ተብሎ የሚሰጠውን የዚንክ ኪኒን በራስዎ ግምት አይስጧት፤ ልኩ በክብደቷ ይሰላል፣ የሚሰጥበት ጊዜም ይለያል። ጡት ማጥባቱን አያቁሙ። ቀጠሮ እስኪደርስ ቁስሉን በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ያጽዱ፣ ቫዝሊን ብቻ ይቀቡላት። ትኩሳት ካላት፣ መጥባት ካቃታት ወይም ከደከመች ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፣ ከልደታ፦ በ31ኛው ሳምንት የወለድኩት ልጄ ችፌ እንዳይይዘው ብዬ ወተት፣ እንቁላልና ሽምብራ ትቻለሁ። ክትባቱንም እስኪጠነክር ላዘግየው አስቤያለሁ። የቧንቧውን ውሃስ በታሸገ ውሃ ልቀይረው?

መልስ፦ ሦስቱንም አያድርጉ። የምታጠባ እናት ምግብ በመተውዋ የልጁ ችፌ አይቀርም፤ የሚደርሰው እሷን ማክሳት ነው። ወተትና እንቁላልዎን ዛሬውኑ ይመልሱ። ለእሱም ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ስድስት ወር አካባቢ ነው፤ ቀድመው ለተወለዱት ሐኪሙ ጭንቅላቱን መደገፉንና የተስተካከለ ዕድሜውን ያያል። የተስተካከለ ዕድሜ ማለት የጎደሉት ሳምንታት ተቀንሰው ነው፤ ልጅዎ 9 ሳምንት ጎድሎበታል። ምግብ ከጀመረ በኋላ በደንብ የበሰለ እንቁላል ማዘግየት አያስፈልግም። ለውዝም ቢሆን በደንብ ተፈጭቶና በገንፎ ቀጥኖ ይሰጣል፤ ፍሬው ግን ስለሚያንቅ ፈጽሞ አይሰጥም። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ባለባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ለውዝ ቀደም ብሎ መጀመር የለውዝ አለርጂን በብዙ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ልጁ ከባድ ችፌ ካለበት ግን የመጀመሪያው ቀን በሐኪም ምክር ይሁን።

ክትባት በተወለደበት ቀን ይቆጠራል እንጂ በተስተካከለ ዕድሜ አይደለም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት በዚያው ቀን ይሰጡት፤ ችፌም ቢኖርበት አያስከለክልም። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ነው እንዲያውም በትክትክ በጣም የሚጎዳው።

ውሃው ላይ የማዕድን ብዛት ከችፌ ጋር አብሮ መታየቱ እውነት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ችፌ ባለባቸው ልጆች ቤት የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ገጥሞ ምንም የተለየ ጥቅም አላገኘም። የታሸገ ውሃ የሚገዙበትን ብር ለቫዝሊን ያድርጉት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን የሚያጠራቅሙ ከሆነ ጀሪካኑ በየሳምንቱ ይታጠብ፤ የሕፃኑ ልብስ በኦሞ ከታጠበ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ፣ በረኪና አይግባበት።

ለሁላችሁም፣ መጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ሪፈር ይጻፍላችኋል። ለቆዳ አለርት ሆስፒታል፣ ለሕፃናት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚላኩባቸው መካከል ናቸው። ስትሄዱ ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ወረቀት ያዙ፤ የተወለደበት ሳምንትና ክብደት እዚያ ላይ አለ። የተቀባውን ሁሉ፣ ያለቀ ቱቦም ቢሆን፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ውሰዱ። ሽፍታው በባሰበት ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፎቶ አንሡ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ደግሞ መላ ገላው እንዲታይ ራቅ ብላችሁ።